የጥያቄ አቀራረብ በጃፓንኛና በአማርኛ



ጥያቄ ለመሥሪያ ቤት ሰው የዘወትር ሥራው ነው፤ ይጠይቃል፤ ይጠየቃል፤ በደብዳቤም ያስጠይቃል። ይሁን እንጂ ጥያቄን በቀጥታ ማቅረብና ጥያቄን በሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ ማቅረብ ልዩ ልዩ መሆናቸውን የምናስተውል ጥቂቶች ነን። የራስን ቋንቋ ለማስተዋል ከሩቅ አገር ቋንቋ ጋር ማስተያየት ይረዳልና ዛሬ ጃፓንኛን እንወስዳለን።

ጃፓንና የአዋሽ ሸለቆ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። በ1985 ዓ.ም. በመካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ በተባለው ስፍራ፣ የአርዲፒቴከስ ራሚደስን የመጀመሪያ ቅሪት፣ አንድ ጥርስ፣ ከጠጠሩ መካከል ለይቶ ያየው ጃፓናዊው ሊቅ ገን ሱዋ ነው። በስሙም ውስጥ «መሬት» እና «ሥር» የሚሉ የአፋርኛ ቃላት ገብተውበታል። በቋንቋም ረገድ ቢሆን ጃፓንኛ፣ አማርኛና አፋርኛ ግሱን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ በማሳረፍ ይመሳሰላሉ።

ጃፓናዊው ጥያቄ ሲያቀርብ የቃላቱን ሥርዓት አያናውጥም። «ኩሩማ ዋ ኪማሺታ» ቢል «መኪናው መጣ» ማለቱ ነው፤ በመጨረሻው ላይ «ካ» የምትል አጭር ቃል ቢጨምር «መኪናው መጣ ወይ?» ይሆናል። የእኛ «ወይ» ከዚህች «ካ» ጋር እጅግ ትቀራረባለች። «ማን መጣ?» ለማለትም «ዳሬ ጋ ኪማሺታ ካ» ይላል፤ «ማን» የሚለው ቃል እንደ እኛው በቦታው ይቀመጣል እንጂ፣ እንደ እንግሊዝኛ ወደ ፊት የሚጎተት ነገር የለም።

ጥያቄው በሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። «ማን እንደመጣ ንገሩኝ» ለማለት «ዳሬ ጋ ኪታ ካ» ብሎ «ኦሺዬቴ ኩዳሳይ» ያስከትላል። መልሱ አዎን ወይም አይደለም የሆነ እንደሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ካ ዶ ካ» ይላል፤ «ኩሩማ ጋ ኪታ ካ ዶ ካ» ማለት «መኪናው መምጣት አለመምጣቱን» እንደ ማለት ነው። «ማን»፣ «የት»፣ «መቼ» ባሉበት ግን «ካ ዶ ካ» አይገባም።

ይህ «አለመምጣቱን» የሚለው ጭማሪ ትርፍ ነገር እንዳይመስላችሁ። በምሳሌ እንመልከተው። በሰመራ የተቀመጠ አንድ መሥሪያ ቤት በድርቅ ወራት ለአንድ ወረዳ ውሃ በቦቴ ልኮ «ቦቴው መድረሱን ግለጹልን» ብሎ ይጽፋል እንበል። ጸሐፊው በልቡ የያዘው ጥያቄ ነው፤ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን ጥያቄ አይደለም፤ «ሲደርስ ንገሩን» ከማለት አይለይም። አማርኛን ከአፋርኛ ቀጥሎ የተማረው የወረዳው ሠራተኛ ቃሉን እንደተጻፈ ቢወስደው አይፈረድበትም። ቦቴው ካልደረሰ የሚገልጸው ነገር የለውምና ዝም ይላል። በሰመራም ዝምታውን የደኅና ወሬ ያደርጉታል። ቦቴው ግን በመንገድ ተበላሽቶ ቆሞ፣ ሰውና ከብት ባዶ ጀሪካን ከበው ይጠብቁ ይሆናል። «ደርሶ እንደሆነና እንዳልሆነ» ወይም «መድረስ አለመድረሱን» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ፣ አለመድረሱም መልስ የሚሻ ነገር በሆነ ነበር።

በአፋር የዳጉ ሥርዓት ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሰሙ፣ ከማን እንደሰሙ ይጠያየቃሉ። ከብት ለሚነዳ ሰው ዝናብ የት እንደጣለ ማወቅ ብቻ አይበቃውም፤ የት እንዳልጣለም ሊያውቅ ይሻል። ለደብዳቤ አርቃቂዎቻችን ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ስለ አክብሮትም ጥቂት ልጨምር። ከላይ «ኪማሺታ» የነበረው ግስ ወደ ውስጥ ሲገባ «ኪታ» ብቻ መሆኑን ልብ ብላችሁ ይሆናል። «ማሺታ» የሰሚው ክብር ነውና ወደ መጨረሻው ግስ ተላልፎ፣ በ«ኩዳሳይ» ይገለጻል። የእኛ አንቱታ ግን የባለቤቱ ነው። «ሚኒስትሩ መቼ እንደሚመጡ አላውቅም» ስንል፣ ሰሚው ሕፃን ልጅ እንኳ ቢሆን፣ «እንደሚመጡ» ከነክብሩ በቦታው ይቆያል።