ትምህርት ቤት መኖሪያ ቤት በሆነ ጊዜ



በአማርኛ ለመማሪያ ስፍራ የተሰጠው ስም «ትምህርት ቤት» የሚል ነው። በዚህ ስም ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጋብተው ይኖራሉ፤ አንደኛው ትምህርት፣ ሁለተኛው ቤት ነው። በሰላም ዘመን ሁለቱ ተዋሕደው ስለሚኖሩ ለያይቶ የሚመለከታቸው የለም። ዘመን ሲከፋ ግን ቤቱ በስፍራው ይቀርና ትምህርቱ ይሰደዳል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው መለያየት ነው፤ ምሳሌውም የተወሰደው ከጎረቤት አገር ከሱዳን ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

ትምህርት ቤት ወደ መኖሪያ ቤት መለወጡ ሁልጊዜ የሚያስለቅስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር የ1870 የትምህርት ሕግ ከወጣ በኋላ በየመንደሩ ብዙ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ታንጸው ነበር። ከጊዜ በኋላ የገጠሩ ሕዝብ ወደ ከተማ ሲፈልስና የልጆቹ ቍጥር ሲያንስ ከነዚህ ብዙዎቹ ተዘግተው ለግል መኖሪያነት ተሸጡ። ገዢው የመማሪያውን ክፍል ሳሎን ያደርገዋል፤ ረጃጅሞቹን መስኮቶችና የደወሉን ስፍራ ለጌጥ ይተዋቸዋል፤ ልጆች ይሯሯጡበት በነበረው ሜዳም አበባና አትክልት ይተክልበታል። ይህን የሚያይ መንገደኛ ጥቂት ትዝታ ቢሰማው እንጂ አያዝንም፤ የመንደሩ ልጆች ቀድሞውኑ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደዋልና። ቤቱ ቢሸጥም ትምህርቱ ሌላ ቤት አግኝቷል።

በሱዳን የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ካርቱም ሁለት የተባለው ሰፈር ከካርቱም መሀል ከተማ በስተ ደቡብ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። በ2023 አፕሪል 15 ቀን በአገሪቱ ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ የዚህና የሌሎችም የካርቱም ሰፈሮች ነዋሪዎች ደጃፋቸውን ቈልፈው፣ ጓሯቸውን ያለ ጠባቂ ትተው ወጡ። ብዙዎቹም ወደ ገዚራ አገር፣ ወደ ዋድ መደኒ ከተማ ተጓዙ። በዚያም የተቀበላቸው ትምህርት ቤቱ ነበር። የመማሪያ ክፍሉ መኝታ ቤት፣ የተማሪዎቹ መሰለፊያ ሜዳ ማድ ቤት ሆነ። በዚሁ ዓመት በዲሴምበር ጦርነቱ ዋድ መደኒን በያዘ ጊዜ ከቤታቸው የወጡት ሰዎች ከትምህርት ቤቱም ደግሞ ወጡ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 2023፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በሱዳን ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች 19 ሚሊዮን ያህል መሆናቸውን አስታውቆ ነበር።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ መምህር እንግዳ ወሬ አይደለም። ከ2020 ጀምሮ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በነበረው ጦርነት የመቀሌ፣ የሽሬና የደሴ ትምህርት ቤቶች ለተፈናቀለ ሕዝብ መጠለያ ሆነው አገልግለዋል። ስለዚህ ጥያቄው የሁለቱም አገሮች ጥያቄ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሰው መኖሪያ በሆነ ጊዜ የመምህሩ ተግባር ምንድን ነው?

አንዳንዱ ሰው፥ «ትምህርት ቤት የተሠራው ለማስተማሪያ ነውና ቤተሰቡ ይውጣ» ይላል። ሌላው ደግሞ፥ «ነፍስ ትቅደም፤ ፊደል በኋላ ይደርሳል» ይላል። ሁለቱም የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል፤ ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር ዘንግተዋል። ከክፍሉ እንዲወጣ የሚፈለገው ቤተሰብ ልጆች አሉት፤ እነዚያም ልጆች ተማሪዎች ናቸው። በአንድ ሌሊት ክፍሉን ያስለቀቀ ሹም ባዶ ክፍል ያገኛል፤ ተማሪዎቹን ግን ከደጅ ያፈሳቸዋል። ትምህርቱን «በኋላ» ብሎ ያቈየውም ሰው ልጅነት የማይጠብቅ ዕድሜ መሆኑን ረስቷል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ሥራ ከመቶ ዓመት በፊት በዚያው በሱዳን ተሠርቶ ነበር። ሼኽ ባብከር በድሪ የተባሉት መምህር በወጣትነታቸው ከማሕዲ ሠራዊት ጋር ተሰልፈው የነበሩ ሰው ናቸው። በኋላ በጥቁር ዓባይ ዳር በምትገኘው በሩፋዓ የወንዶች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ከዚያም ሴቶች ልጆች ይማሩ ዘንድ ፈቃድ ጠየቁ። በዚያን ጊዜ የትምህርቱ ሹም የነበሩት እንግሊዛዊ ጄምስ ካሪ አስቀድመው እንቢ አሉ፤ በመጨረሻ ግን ሼኹ በገዛ ቤታቸውና በገዛ ኀላፊነታቸው እንዲያስተምሩ ፈቀዱላቸው። እሳቸውም በ1907 በአንዲት የጭቃ ቤት ውስጥ ከራሳቸው ቤተሰብ 9፣ ከጎረቤት 8 ልጃገረዶችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። እንግዲህ በሩፋዓ መኖሪያ ቤቱ ትምህርት ቤት ሆነ ማለት ነው። ሼኽ ባብከር በ1954 ዐረፉ፤ ልጃቸው ዩሱፍ በድሪም በ1966 በኦምዱርማን የሴቶች ኮሌጅ ከፈቱ። ይኸው ኮሌጅ በኋላ አሕፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ አሕፋድ ማለት በዓረብኛ የልጅ ልጆች ማለት ነው።

የመምህራን ማሠልጠኛውም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። በ1934 በነጭ ዓባይ ዳር በዱዌም አጠገብ የተቋቋመው የባኽት አር ሩዳ ተቋም ሕንጻዎቹ እንደ መንደር ቤት ቀላል ሆነው እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር፤ ይህም የመንደር መምህር የሚሆነው ሰው በመንደሩ ኑሮ ላይ እንዳይኰራና እንግዳ እንዳይሆን ታስቦ ነው። በዚያ በተዘጋጀው የጂኦግራፊ ትምህርትም ልጆች በሐሳብ ከመንደር ወደ መንደር እየተጓዙ በልዩ ልዩ የሱዳን ክፍል የሚኖሩ ባልንጀሮቻቸውን በየቤታቸው ይጐበኙ ነበር። የአገራቸውን መልክ ከሰው ቤት ጀምረው ተማሩ።

ከዚህም በፊት ቢሆን የሱዳን ኸልዋ ብዙ ጊዜ በፈቂሁ ግቢ፣ የኢትዮጵያ ፊደል ቈጠራም በየኔታ ደጅ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ይካሄድ ነበር። ጣራ ሳይኖር መምህርና ተማሪ ነበሩ።

ይህን የሚያስተውል መምህር ትምህርት ቤቱ መኖሪያ በሆነ ጊዜ ሦስት ነገሮችን ያደርጋል። በመጀመሪያ የተማሪዎቹን መዝገብ ከሁሉ አስቀድሞ ያድናል፤ ስሙ በመዝገብ የቈየለት ልጅ ተማሪነቱ አልጠፋምና። አዲስ የመጡትንም ልጆች በዚያው መዝገብ ይጽፋቸዋል። ሁለተኛ፣ ከግቢው አንዲት ጥላ፣ ከቀኑም ጥቂት ሰዓት ለትምህርት እንዲለይ ከቤተሰቦቹ ጋር ይስማማል፤ በዚያ የምትኖር እናት ዛፉን ውሃ ብታጠጣ፣ ከዛፉ አጠገብ ጎመን ብትተክል፣ ግቢውን አጠፋች አይባልም፤ ጠበቀችው እንጂ። ሦስተኛ፣ ክፍሉ ለትምህርት የሚመለስበት ቀን ሲደርስ ለቤተሰቡ ሌላ መጠለያ እንዲገኝ ከሹማምንቱ ፊት ቆሞ ይናገራል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ ነገር ግን መምህሩ ዝም ካለ ያ ቤተሰብ በትምህርት ቤቱ ላይ የሚይዘው ቂም ከግድግዳው ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል።

በማርች 2025 የሱዳን ጦር ሠራዊት የካርቱምን መሀል ከተማ መልሶ ከያዘ ወዲህ ከተሰደዱት ሰዎች አንዳንዱ ወደ ሰፈሩ መመለስ ጀምሯል። ወደ ካርቱም ሁለት የሚመለሰው ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው ጣራና ውሃ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ግን ልጁን የሚያስገባበት ትምህርት ቤት ይጠይቃል። ያን ጊዜ ግድግዳው ፈርሶ ቢገኝ ግንበኛ ይጠግነዋል። ትምህርቱን ከስደቱ ጋር ሲያሰድድ፣ ከመጠለያው ጋር ሲያስጠልል የኖረ መምህር ካልተገኘ ግን የታደሰው ሕንጻ ቤት ብቻ ሆኖ ይቀራል።