ከከሰሉ በኋላ የሚቀረው ሕዝብ፤ የጆንግሶን አውራጃ ታሪክና አስተዳደር



ማዕድን በተገኘበት ስፍራ ሁሉ መሐንዲስ አስቀድሞ የሚጠይቀው የክምችቱን መጠንና ለስንት ዓመት እንደሚበቃ ነው። በማዕድኑ ዙሪያ የሚሰፍረው ሕዝብ ግን ክምችቱ ካለቀም በኋላ ይኖራል። የዚህ ሕዝብ ዕጣ በማን ኃላፊነት ሥር እንደሚወድቅ በደቡብ ኮሪያ፣ በጋንግዎን ክፍለ ሀገር የሚገኘው የጆንግሶን አውራጃ ታሪክ በግልጽ ያስረዳል። ክፍለ ሀገሩ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በተራሮቹ ላይ ተዋግቷል፤ መታሰቢያ ሐውልቱም በርእሰ ከተማው በቹንቾን በ1968 ቆሟል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከከሰሉ ዘመን በፊት የጆንግሶን ሕዝብ በተራራ እርሻ ይተዳደር ነበር። ከጫካው የሚቆረጠው ግንድም እየታሰረ በወንዝ ላይ ተንሳፍፎ ወደ ሶል ይወርድ ነበር። አውራጃው በሌላው ኮሪያዊ ዘንድ የሚታወቀው ይበልጡን «የጆንግሶን አሪራንግ» በተባለው ዜማው ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ይህ ኑሮ ተለወጠ። ነዳጅ ዘይት የሌላት፣ ተራሮቿም የተራቆቱባት ኮሪያ ለቤት ማሞቂያና ለምግብ ማብሰያ ከእንጨት ይልቅ የድንጋይ ከሰልን መረጠች። ለዚህም የባቡር ሐዲድ በ1957 ሃምቤክ፣ በ1966 ጎሃን ደረሰ፤ በ1973 ደግሞ 4,505 ሜትር የሚረዝመው የጆንጋም ዋሻ ተከፈተ። ሥራ ፈላጊው ከየአቅጣጫው ጎረፈ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ የአውራጃው ሕዝብ ወደ 140 ሺህ ተጠጋ።

አስተዳደሩም የሕዝቡን ቁጥር ተከተለ። በኮሪያ ሥርዓት አውራጃው «ጉን»፣ በሥሩ ያለው የከተማ ክፍል «ኡፕ»፣ የገጠሩም «ምዮን» ይባላል። ሳቡክ በ1973 የኡፕ ማዕረግ አገኘ፤ ጎሃንም በ1985 ከሳቡክ ተነጥሎ ራሱን የቻለ ኡፕ ሆነ። ይሁን እንጂ ማዕረጉ ለነዋሪው ድምፅ አልሰጠውም። የአካባቢ ምክር ቤቶች ከ1961 ጀምሮ ተዘግተው ስለ ነበር የአውራጃው ሹም ከበላይ ይሾም ነበር፤ የሠራተኛው ቤትና ደመወዝ ግን በኩባንያው እጅ ነበር። አቤቱታ የሚሰማበት መንገድ በጠፋበት ስፍራ ብሶቱ በሚያዝያ 1980 ፈነዳ። የሳቡክ ማዕድን ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው በደመወዝና በማኅበራቸው አመራር ምክንያት ተነሥተው ከተማውን ለቀናት ያዙ፤ በግጭቱም አንድ ፖሊስ ሞተ። ጉዳዩ በስምምነት ቢያበቃም የወታደራዊ አስተዳደሩ መርማሪዎች ብዙዎችን አሥረው አሠቃዩ። የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ድርጊቱን የሰብአዊ መብት ረገጣ ነው ያለው በ2008 ነው።

ቀጥሎ የመጣው አደጋ ያለ ጩኸት ነበር። በ1988 ኮሪያ ወደ 24 ሚሊዮን ቶን ከሰል ታመርት ነበር። ነዳጅ ዘይትና ጋዝ የከሰሉን ስፍራ በመያዛቸው መንግሥት ከ1989 ጀምሮ ትርፍ የማያስገኙትን ማዕድኖች አዘጋ። የመዝጊያው ካሣ ተቈጥሮ ተከፈለ፤ ደንበኛው የሄደበት ነጋዴ፣ ተማሪው ያለቀበት ትምህርት ቤት ግን በሒሳቡ ውስጥ አልገቡም።

የጎሃንና የሳቡክ ነዋሪዎች በ1995 መጀመሪያ አደባባይ ወጡ፤ መጋቢት 3 ቀንም ከመንግሥት ጋር ተስማሙ። በዚያው ዓመት ሁለት ታላላቅ ነገሮች ተፈጸሙ፤ የአውራጃው ሹም በሕዝብ ምርጫ ተሠየመ፤ ማዕድናቸው የተዘጋባቸውን አካባቢዎች የሚረዳ ልዩ ሕግም ወጣ። በሕጉ መሠረት የመንግሥት ድርጅቶችና የአካባቢው አስተዳደሮች ባለድርሻ የሆኑበት ጋንግዎን ላንድ ተቋቋመ። በ2000 የተከፈተው የቁማር ቤቱም ኮሪያውያን እንዲገቡበት የተፈቀደው ብቸኛው ነው። ከገቢው የሚቀነሰው ድርሻ ለአካባቢው ልማት ይውላል፤ ድርሻው በ2021 የቁማር ቤቱ ገቢ 13 ከመቶ እንዲሆን ተደንግጓል።

መድኃኒቱ ግን የራሱን በሽታ ይዞ መጣ። ቁማር ንብረቱን ያስጨረሰው ሰው ብዙ ነው፤ አውራጃውም በአንድ ከሰል ፈንታ በአንድ የገቢ ምንጭ ላይ ተንጠለጠለ። ለ10 ዓመት የታሰበው ሕግ ደጋግሞ ተራዝሞ ዛሬ እስከ 2045 ይደርሳል። የሕዝቡ ቁጥርም ከ40 ሺህ በታች ወርዷል። የጎሃኑ ታላቅ ማዕድን በ2001፣ የሳቡኩ በ2004 ተዘጉ፤ የመጀመሪያው በ2013 የሥነ ጥበብ ማዕከል ሆኗል። በጎረቤት ቴቤክ የጃንግሶንግ ማዕድን በ2024፣ በሳምቾክ የዶግዬ ማዕድን በ2025 ስለ ተዘጉ ጥያቄው ገና አላረጀም።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦች ሊያጤኑት የሚገባው ይህ ነው፤ የማዕድን መዝጊያ ከመክፈቻው ጋር በአንድ ፕላን ላይ መሣል አለበት። የዋሻውን ጣሪያ ለመደገፍ ወጪ እንደሚቈረጥ ሁሉ፣ ከሰሉ ካለቀ በኋላ ከተማውን ለሚደግፈውም ከመጀመሪያው ቶን ጀምሮ ገንዘብ ሊቀመጥ ይገባል። በጆንግሶን ይህ ሒሳብ የተሠራው ዘግይቶ ነው፤ ያውም ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ካስገደደ በኋላ።