ውሃው ሳይወጣ እሳት አይጨመርም
በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ ስለ ዘይት ፋብሪካ ማሞቂያ አጀማመር የቀረበ ንግግር





በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለተሰበሰበው ምርት፣ ስለተከፋፈለው የትርፍ ድርሻና ስለታቀደው ግንባታ ነው። ይህ ንግግር ግን አንድ ጠባብ የሚመስል ጉዳይ ይዟል። ይኸውም የምግብ ዘይት ፋብሪካ ማሞቂያ ሥራ ሲጀምር በቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ እንዴት ይወጣል የሚለው ነው። ጉዳዩ ጠባብ ቢመስልም የአባላት ገንዘብ፣ የሠራተኞች ሕይወትና የገዢው እምነት በአንድነት የሚገኙበት ቦታ ነው።

አርሶ አደሩ ሰሊጡን፣ ኑጉንና አኩሪ አተሩን በጥሬው ከመሸጥ አልፎ እሴት ጨምሮ ለመሸጥ ሲነሳ ከመጭመቂያው ቀጥሎ ማጣሪያ ያስፈልገዋል። ከማጣሪያው የመጨረሻ ደረጃዎች አንዱ ጠረን ማስወገጃው ነው። በዚህ ደረጃ የሚበላው ዘይት አየር በተመጠጠበት ጋን ውስጥ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ይህን ያህል ሙቀት በእንፋሎት ለማድረስ ከባድ ግፊት የሚችል ቦይለር ይጠይቃል። 250 ዲግሪ የደረሰ እንፋሎት 40 ባር ገደማ ግፊት አለው። የቤት መኪና ጎማ የሚይዘው ከ2 እስከ 3 ባር ብቻ መሆኑን ማስታወስ ነው።

ስለዚህ አንዳንድ ፋብሪካዎች ሌላ መንገድ ይከተላሉ። ለዚሁ የተዘጋጀ የማሞቂያ ዘይት በምድጃው ውስጥ በተጠማዘዘ ቧንቧ አልፎ ይግላል፤ በፓምፕ ተገፍቶ ወደ ጠረን ማስወገጃው ይሄዳል፤ ሙቀቱን ሰጥቶ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ዘይት አይበላም፤ ከሚበላውም ጋር አይገናኝም። ጥቅሙ ያን ያህል ግፊት ሳይኖር ከፍተኛ ሙቀት መሸከሙ ነው። ጠላቱ ደግሞ ውሃ ነው።

ምክንያቱን ከፋብሪካ ይልቅ ከጓዳ መማር ይቀላል። ቅቤ የምታነጥር እናት ሥራዋን ታውቃለች። ቅቤው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ይንጣጣል፣ አረፋ ይደፍቃል። እሳቱ ከበዛ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ እሳቱን ታለዝባለች፣ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ድምፁን ታዳምጣለች። መንጣጣቱ ጸጥ ሲል ውሃው መውጣቱን ታውቃለች። የፋብሪካው ማሞቂያ አጀማመርም ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ድስቱ መቶ ወይም ሺህ ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑም የተዘጋ መሆኑ ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል? አዲስ ቧንቧ ተበይዶ ሲያልቅ ማፍሰሱን ለማወቅ ውሃ ተሞልቶ የተፈተነ ከሆነ፣ ውሃው ቢቀዳም በየዝቅታውና በየክርኑ ይቀራል። ቧንቧው በክረምት ሜዳ ላይ ከርሞ ከሆነ ዝናብ ይገባበታል። የዘይቱ በርሜል አፉን ወደ ላይ አድርጎ ደጅ ከቆመ፣ ቀን በፀሐይ ሰፍቶ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በክዳኑ ላይ ያቆረውን ዝናብ ወደ ውስጥ ይስባል። ፋብሪካው ለወራት ቆሞ ከሆነም እርጥበት ያለው አየር በማስፋፊያ ታንከሩ በኩል ይገባል።

የቀረው ውሃ ጥቂት ነው ተብሎ መናቅ የለበትም። 1 ሊትር ውሃ በተራ አየር ግፊት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ያደፍጣል፤ የጋለ ዘይት ሲደርስበት በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ያኔ ዘይቱ በማስፋፊያ ታንከሩ አፍ ተገፍቶ ይወጣል፤ ወይም ማያያዣውን ይበጥሳል። ሌላም ጉዳት አለ። ፓምፕ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይችልም። እንፋሎት ሲገባበት ይንቀጠቀጣል፣ ጠጠር እንደበላ ወፍጮ ይጮኻል፤ የዘይቱም ፍሰት ይቆማል። ፍሰቱ ቆሞ እሳቱ ከቀጠለ በምድጃው ቧንቧ ውስጥ ያለው ዘይት ይቃጠላል፤ ከሰል ሆኖ በግድግዳው ላይ ይጋገራል። የተጋገረበት ቧንቧ ከልክ በላይ ግሎ አንድ ቀን ይቀደዳል። የቃጠሎ መነሻ አንዱ ይህ ነው።

ትክክለኛው አጀማመር እንደሚከተለው ነው። ዝርዝሩን በተመለከተ ግን የማሞቂያውና የዘይቱ አምራች የሰጡት መመሪያ ይቀድማል።

አንደኛ፣ ዘይት ከመሞላቱ በፊት የዝቅታ መክፈቻዎች ሁሉ ተከፍተው ውሃው ይንጠፈጠፋል፤ መስመሩም በደረቅ አየር ይነፋል።

ሁለተኛ፣ ዘይቱ ከታች በኩል ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ከላይ ያሉት የአየር መውጫዎች ክፍት ይሆናሉ። ማስፋፊያ ታንከሩ አይሞላም። ዘይቱ በየ100 ዲግሪው 7 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚሰፋ፣ አረፋም ስለሚኖር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ እሳት ሳይለኮስ ፓምፑ ለሰዓታት ዘይቱን ያዞራል። በዚህ ጊዜ የብየዳ ፍርፋሪና ቆሻሻ በወንፊቱ ይያዛል፤ ወንፊቱም ይጸዳል።

አራተኛ፣ በርነሩ በዝቅተኛ እሳት ይለኮሳል። ዘይቱ በማስፋፊያ ታንከሩ በኩል እንዲያልፍ ቫልቩ ይከፈታል፤ እንፋሎቱ የሚወጣው በዚያ ነውና። የመውጫው ቧንቧ ሰው ወደማያልፍበት፣ ከእሳትና ከኤሌክትሪክ ወደራቀ ቦታ ተዘርግቶ ከበርሜል ጋር ይገናኛል።

አምስተኛ፣ ሙቀቱ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጭማሪው ይቆማል። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር በሆነ አገር ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በቧንቧ ውስጥ ግን ግፊት ስላለ ከ100 በላይም ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እንፋሎቱ እስኪያበቃ ድረስ እዚያው ይጠበቃል። ከዚያ በ10 በ10 ዲግሪ እየተጨመረ፣ በየደረጃው እየተጠበቀ፣ እስከ 130 ወይም 150 ይደረሳል። የግፊት ጌጁ መርፌ ከዘለለ ወይም ፓምፑ ከጮኸ እሳቱ ይቀነሳል፤ ፓምፑ ግን በቶሎ አይቆምም። ወደየመሣሪያው የሚሄዱት ቅርንጫፎች ሁሉ በየተራ ይከፈታሉ። ተዘግቶ የቀረ ቅርንጫፍ ውሃውን ይዞ ይቀመጣልና በኋላ ሲከፈት አደጋ ያመጣል።

ስድስተኛ፣ እንፋሎቱ ሲያበቃ፣ መርፌው ሲረጋ፣ ፓምፑም ጸጥ ሲል በታንከሩ በኩል የሚያልፈው መስመር ተዘግቶ ወደ ሥራ ሙቀት ይኬዳል። የቀዘቀዘ የዘይት ናሙና ጠብታ በጋለ ብረት ላይ ሲንጠባጠብ የሚንጣጣ ከሆነ ውሃው ገና አልወጣም ማለት ነው።

ይህ ሥራ እንደ ውሃው መጠን ከአንድ ቀን በላይ፣ አንዳንዴም ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ችግር የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። አባላት ምርታቸውን አስረክበው ክፍያ ይጠብቃሉ። የባንክ ብድር ወለድ ይቆጥራል። የምረቃ ቀን ተቆርጧል፤ እንግዶች ተጠርተዋል። ሥራ አስኪያጁ በየሰዓቱ «አልደረሰም ወይ?» ብሎ ይደውላል። ኦፕሬተሩ ፍሰት ሲቀንስ እሳቱን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ደጋግሞ ሥራውን ሲያቋርጥበት፣ በሽቦ አገናኝቶ ሊያልፈው ይፈተናል። ያ መቆጣጠሪያ ግን አልተበላሸም፤ «ውሃ አለ» እያለ ነው። አፉን መዝጋት ማለት ፋብሪካውን ለእሳት መስጠት ማለት ነው።

በሁለቱ ዘይቶች መካከል ያለው የብረት ግድግዳም ሊታሰብ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1968 በምዕራብ ጃፓን በአንድ የሩዝ ፍሩሽካ ዘይት ፋብሪካ፣ በዚያን ጊዜ ለማሞቂያ ያገለግል የነበረው ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ከጠረን ማስወገጃው ቧንቧ አፈትልኮ ከሚበላው ዘይት ጋር ተቀላቀለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመሙ፤ ጉዳቱም ለአሥርት ዓመታት ተከተላቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 በታይዋን ተመሳሳይ ጉዳት ደረሰ። የእነዚያ አደጋዎች መነሻ ውሃ ነበር ማለት አይደለም፤ ያ ኬሚካልም ዛሬ ታግዷል። ትምህርቱ ግን አልተሻረም። ቧንቧን የሚያዝግ፣ የሚያንቀጠቅጥና የሚያቃጥል ማንኛውም ነገር የሸማቹን ጤና የሚጠብቀውን ግድግዳ ያሳሳል፤ ውሃም ከእነዚህ አንዱ ነው።

ስለዚህ ፋብሪካ ያለው ወይም ለመትከል ያቀደ ዩኒየን ሦስት ነገሮችን ቢወስን ይጠቀማል። ማሞቂያው የሚደርቅባቸው ቀናት በሥራ ዕቅዱ ላይ እንደ ሥራ ቀን ይመዝገቡ፤ ከትልቅ ጥገና ወይም ከረጅም እረፍት በኋላም ይደገሙ። በየሰዓቱ የሙቀት፣ የግፊትና የታንከር መጠን ንባብ በመዝገብ ይስፈር፤ ቦርዱም መዝገቡን አይቶ ብቻ ርክክብ ይቀበል። የደህንነት መቆጣጠሪያን ማለፍ ለማንም፣ ለሥራ አስኪያጁም ቢሆን፣ የተከለከለ ይሁን፤ እሳቱን የቀነሰ ኦፕሬተርም ስለዘገየ አይወቀስ።

አርሶ አደር ያልደረቀ እህል ጎተራ አይከትም፤ ቢቸኩልም የሚበላው ነቀዝና ሻጋታ መሆኑን ያውቃል። ፋብሪካው የእርሱ ነውና ይህንኑ ትዕግሥት ለማሞቂያውም ይስጠው። ጥያቄውም «መቼ ይጀመራል?» ከማለት በፊት «ውሃው ወጥቷል ወይ?» ይሁን።

መልካም በዓል፤ መልካም የምርት ዘመን ይሁንላችሁ።