ስለ ጠባብ የፍሳሽ ቱቦዎች እድሳት ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



እዚህ ለንደን የምንኖርባቸው አሮጌ ቤቶች ፍሳሽ በብዛት የሚወርደው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የሸክላ ቱቦ ነው። ቱቦው ሲሰነጠቅ የዛፍ ሥር ይገባበታል፤ ከዚያ መዘጋት፣ ከዚያም ሽታ ይከተላል። «ሳንቆፍር ከውስጥ እንሸፍንላችሁ» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ልናውቀው የሚገባ አለ።

ዘዴውን የፈጠረው ኤሪክ ውድ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሠራበትም እዚሁ ለንደን፣ ሃክኒ ውስጥ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ሬዚን በሚባል ሙጫ የተነከረ፣ እንደ እጅጌ የተሰፋ ጨርቅ ቱቦው ውስጥ ይገባል፤ በግፊት ተነፍቶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ በሙቅ ውሃ ወይም በእንፋሎት ሲሞቅ ይጠነክራል። ያኔ የተሠራው ግን ሰፊ የጡብ መስመር ነበር። የእኛ ጠባብ ነው። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ስፋት። 3 ሚሊ ሜትር ሽፋን የ100 ሚሊ ሜትሩን ቱቦ ወደ 94 ያወርደዋል፤ መተላለፊያው 12 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ መታጠፊያ። ጨርቁ ክርኑ ላይ ሲደርስ ይጨማደዳል፤ የተጨማደደው ላይ ወረቀትና ቆሻሻ ይያዛል።

ሦስተኛ፣ ቅርንጫፍ። ሽፋኑ ከመጸዳጃና ከማዕድ ቤት የሚመጡትን ቅርንጫፎች ይደፍናል። እነሱን የሚከፍተው መቁረጫ ማሽን በጠባብ ቱቦ ውስጥ እንደ ልብ አይዞርም። አንዱ ሳይከፈት ከቀረ ፍሳሹ ተመልሶ ቤት ይገባል።

አራተኛ፣ የሰመጠ ቱቦ ተሸፍኖም ሰምጦ ይቀራል፤ የፈረሰው ደግሞ መቆፈሩ አይቀርለትም።

ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር በካሜራ ይታይ፤ ሥሩና ቅባቱ ይጠረግ፤ ቅርንጫፎቹ ተቆጥረው በጽሑፍ ይሰጧችሁ። ሲያልቅም ፊልሙን ጠይቁ። በሥራው ቀን ውሃ አትልቀቁ። አንዳንዱ ሙጫ ክፉ ይሸታልና ቀደም ብላችሁ ከላቫንዲኖው ሥር ያለው ጎባጣ ቱቦ ውሃ መያዙን እዩ፤ መስኮትም ክፈቱ።

በመጨረሻ፣ ቱቦው የማን ነው? እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2011 ጀምሮ ከጎረቤት ጋር የምንጋራው፣ ከሕዝብ መስመር የተገናኘው ቱቦ በአብዛኛው የውሃ ኩባንያው ኃላፊነት ሆኗል። በግቢያችን ውስጥ ያለውና አንድ ቤት ብቻ የሚገለገልበት ግን የባለቤቱ ነው። እንግዲህ የጋራ ከሆነ ከኪሳችሁ ሳታወጡ ለኩባንያው ደውሉ፤ ተከራይ የሆናችሁም ለአከራያችሁ አስታውቁ።