በሥነ ልቦና የምርምር ዶክትሬት ልጀምር ወይስ ልተው?



የትምህርት ክፍላችን በዚህ ርእስ እንድናገር ሲጋብዘኝ አመንትቼ ነበር፤ ምክንያቱም አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ሁለተኛ ዲግሪዋን በከፍተኛ ውጤት አጠናቅቃ ቢሮዬ መጣችና «መምህር፣ ዶክትሬቱን ልቀጥል?» አለችኝ። ውጤቷን አየሁ፤ የጽሑፍ ችሎታዋንም አውቀዋለሁ፤ ሳላቅማማ «ቀጥዪ» አልኋት። ለምን መቀጠል እንደፈለገች ግን አልጠየቅኋትም። ነገሩን የተረዳሁት በአራተኛው ዓመት መመረቂያ ጽሑፏን ሳትጨርስ ስታቋርጥ ነው። እርሷ የፈለገችው ከተጨነቀ ሰው ፊት ተቀምጣ ማዳመጥና ማገዝ ነበር፤ እኔ ከቁጥር ሠንጠረዥ ፊት አስቀመጥኋት። ስሕተቱ የእርሷ አልነበረም።

የምርምር ዶክትሬት ያልታወቀውን ለማወቅ የሚያሠለጥን ትምህርት ነው። ሰውን ማከምና ማማከር ሌላ ሥልጠና ይጠይቃል። ሁለቱን ማጣመር በሌላው ዓለምም ሲያከራክር ኖሯል። በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት፣ ቦልደር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1949 የተሰበሰቡ ምሁራን ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ተመራማሪም ባለሙያም ሆኖ እንዲሠለጥን ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ በዚያው ግዛት ቬይል ላይ የተካሄደ ጉባኤ በዋናነት ለሙያ አገልግሎት የሚያዘጋጅ ሌላ ዓይነት ዶክትሬት ተገቢ መሆኑን ተቀበለ። በእኛ አገር ለማከም ልቡ የተነሣ ተማሪ በክሊኒካል ወይም በምክር አገልግሎት ዘርፍ ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ በልምድ ባለሙያ ሥር ቢሠራ ወደሚፈልገው ቦታ ፈጥኖ ይደርሳል። ያን ዕለት ለተማሪዬ መናገር የነበረብኝ ይህንን ነበር።

ስለ ማዕረጉ ብዙ አልናገርም። ዶክትሬት የያዘ መምህር ረዳት ፕሮፌሰር ይሆናል፤ ደመወዙም ይሻሻላል። ይህንን መፈለግ ነውር አይደለም፤ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ዳሩ ግን ማዕረጉ የሚመጣው በመጨረሻው ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉትን ዓመታት የሚያሻግር ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ለእኔ ያ ሌላ ነገር አንድ ቃል ነበር። ለጥናቴ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መጠይቅ ይዤ ገጠር ወርጄ ነበር። ከመቶ በላይ ሰዎችን ጠይቄ ከጨረስሁ በኋላ አንዲት እናት ዘንድ ደረስሁ። «እማማ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ጭንቀት ተሰምቶዎት ያውቃል?» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው አዩኝና «የቱን ጭንቀት ነው የምትለኝ፣ ልጄ? የሆዴን ነው ወይስ የኑሮዬን?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኛ «ጭንቀት» የምንለው ምክንያቱ የማይታወቅ ሥጋትንም፣ የሥራና የኑሮ ጫናንም፣ የልብ ሥቃይንም ያጠቃልላል፤ እንግሊዝኛው እነዚህን በተለያዩ ቃላት ይጠራቸዋል። እንግዲህ የእስከዚያ ቀን ተጠያቂዎቼ የትኛውን አስበው «አዎ» እንዳሉኝ በምን ላውቅ? «ቁጥሩ ደኅና ነው፤ ዝም ብለህ ጨርስ» ያሉኝ ነበሩ። ብጨርስ ማንም አያውቅብኝም ነበር። መጠይቁን እንደገና ለማዘጋጀትና መረጃውን ዳግም ለመሰብሰብ አንድ ዓመት ተኩል ፈጀብኝ። በመካከሉ ከአልጋዬ ለመነሣት የታከተኝ ጊዜ ነበረ፤ ለባለቤቴም ልተወው ነው ብያታለሁ። ያልተውሁት ጽኑ ስለሆንሁ አይደለም፤ የእኚያ እናት ጥያቄ እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው።

በዝምታ መጨረስ ምን እንደሚያስከትል ሙያችን በኋላ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት በወጣ ሥራ፣ ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው ቀደም ሲል የታተሙ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን ደግመው ሠሩ። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 በመቶው በስታቲስቲክስ ጉልህ ውጤት አግኝተው ነበር፤ ሲደገሙ ግን ይህንን ያገኙት 36 በመቶ ብቻ ናቸው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎም ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ፣ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ የሚነገረው የሥነ ልቦና ዕውቀት በአመዛኙ ከምዕራባውያን፣ በተለይም ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተወሰደ መሆኑን አሳይተው ነበር። እዚህ አገር ሆኖ ጥያቄ የሚያጣ ተመራማሪ ካለ አልፈለገም ማለት ነው።

ለማመልከት የምታስቡ ካላችሁ፣ አስቀድማችሁ አንድ ክረምት በሌላ ሰው ጥናት ላይ በረዳትነት ሥሩ። መጠይቅ ሙሉ፤ መረጃ አጽዱ፤ ቃለ መጠይቅ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ገልብጡ። አሰልቺ ነው፤ ሆኖም አብዛኛው የዶክትሬት ቀን የሚያልፈው በዚህ ነው። አማካሪ ስትመርጡ ደግሞ ከስሙ ይልቅ ተማሪዎቹን ጠይቁ፤ የላኩለትን ምዕራፍ በስንት ጊዜ አንብቦ እንደሚመልስላቸው ይንገሯችሁ። (እኔም አንድ ምዕራፍ አምስት ወር አቆይቼ ዐውቃለሁ፤ ባለቤቱ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ ዛሬም ይቅርታ እጠይቃለሁ።)

ባለፈው ወር አንድ ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ቢሮዬ መጣ። ውጤቱን አላየሁም። «ምን ለማወቅ ነው የምትፈልገው?» አልሁት። ብዙ ዝም አለ፤ ከዚያ ስለ አያቱ የመርሳት ሕመምና ቤተሰቡ ስለዚያ ሕመም ስለሚናገርበት መንገድ አንድ ሰዓት ያህል አወራኝ። «ይህንን ማጥናት ነው ወይስ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን መርዳት የምትፈልገው?» ብለው፣ «አስቤበት ልምጣ» ብሎኝ ወጣ። እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ እኔም አልቸኮልሁበትም።