እንዲቆረጥ የተሠራ ብሎን



ስለ እርሻ መሣሪያ መካኒክ ሙያ እንድናገር የተጋበዝሁት እኔ ነኝ፤ ጉዳዩን ያስተማረኝ ሰው ግን በዚህ ሰዓት ቃሊቲ ውስጥ ከማሽን ሥር ተኝቶ ነው። በእርሱ ጋራዥ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ ይባላል፤ ከጣልያንኛ የወረስናቸው ናቸው። እኛ በእንግሊዝኛ እናስተምራለንና ተማሪዎቻችን ለልምምድ ሲወጡ የሚያውቁትን ዕቃ ስም እንደ አዲስ ይጠይቃሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደዚያ ጋራዥ አንድ የጭድ ማሰሪያ ማሽን መጣ። ከትራክተሩ ኃይል የሚቀበለው በደቂቃ 540 ጊዜ በሚሽከረከር ዘንግ ነው። የዘንጉን ኃይል ወደ ማሽኑ የሚያሻግረው ብሎን ተቆርጧል። በዚያ ሳምንት ሦስተኛው ነበር፤ ባለቤቱ ተማረዋል፤ ጭዱ ሜዳ ላይ ነው፤ ሰማዩም ጠቁሯል። እኔም በዶክትሬቴ ተማምኜ፣ «ጠንከር ያለ ብሎን ይግባለት» አልሁ።

መካኒኩ ሁለት ብሎኖች አውጥቶ ጭንቅላታቸውን አሳየኝ። በአንዱ ላይ 8.8፣ በሌላው 10.9 ተቀርጿል። የፊተኛው ቁጥር በመቶ ሲባዛ ብረቱ ሳይበጠስ የሚችለውን ጫና በሜጋፓስካል እንደሚሰጥ ለዓመታት በሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ። ለዚያ ማሽን የታዘዘው ባለ 8.8ቱ ነው።

«ዶክተር፣ ይኼ እንዳይቆረጥ ካደረጉት፣ ምኑ እንዲቆረጥ ይፈልጋሉ?» አለኝ።

ጥያቄው አሳፈረኝ። ያ ብሎን የተሠራው ቀድሞ እንዲቆረጥ ነው። ማሽኑ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥመው ርካሹ ዕቃ ይጠፋል፤ ውዱ የማርሽ ሳጥን ይተርፋል። መካኒኩ ብሎኑን ወደ ጎን ትቶ የሚያስቆርጠውን ፈለገ፤ ጭዱን የሚቆርጠው ስለት ዶልዱሟል፣ ከቋሚው ስለት ጋር ያለው ክፍተትም ሰፍቷል። ስለቱን ስሎ፣ ክፍተቱን አስተካክሎ፣ የታዘዘውን ብሎን አስገባ። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ባለቤቱ የብሎኑን ዋጋ ያለ ክርክር ከፈሉ፤ በግማሽ ቀኑ ዋጋ ላይ ግን ብዙ ተከራከሩ። እኛ አገር ለዕቃ እንጂ ለምርመራ መክፈል አልለመድንም።

አቃቂ በ2002 ዓ.ም. በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሥር የተጠቃለለው የመለዋወጫ ፋብሪካ መገኛም ነው። ስለ መለዋወጫ እጥረት ስንከራከር ብዙውን ጊዜ የምናወራው ቅርጹን አስመስሎ ስለ መሥራት ነው። ቅርጽን በካሊበር መለካት ይቻላል። ዕቃው ምን ያህል ደካማ እንዲሆን እንደታሰበ ግን ካሊበር አይናገርም፤ በብየዳና በቶርኖ የዳነ ዘንግ ሁሉ ይህን አደጋ ይዞ ይወጣል።

እኔ ባወጣኋቸው ፈተናዎች ሁሉ የጠየቅሁት «ይህ ክፍል ይችላል ወይ?» ብዬ ነበር። «ቀድሞ የትኛው ይሰበር?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ባለፈው ዓመት መካኒኩ መጥቶ ይህን እንዲያስተምርልን በእንግዳ መምህርነት ላስመዘግበው ሞከርሁ። ቅጹ የመጨረሻ ዲግሪ የሚል መስመር አለው፤ ያን መስመር ምን ብዬ እንደምሞላው ከእናንተ ጋር መወያየት እፈልጋለሁ።