ስለ ጃስሚን ሻይና ስለ አፈላሉ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ያደረጉት ንግግር)



ስለ ሻይ እንድናገር ስጠየቅ «ሻይ ማፍላት ማን ያቅተዋል?» ብዬ ነበር። ለካ ያቃተኝ እኔው ነኝ። ልጄ ለሥራ ቻይና ደርሶ ሲመለስ አንድ ቆርቆሮ የጃስሚን ሻይ ይዞልኝ መጣ። ከኮረሪማውና ከበርበሬው ጎን አስቀመጥኩት። አንድ እሑድ ጎረቤቶቼን ጠርቼ፣ እንደለመድነው ቅርንፉድ ጣል አድርጌበት ሩብ ሰዓት ያህል አንተከተክሁት። አንዷ ቀመስ አድርጋ «እትዬ፣ ይሄ ሻይ ነው ወይስ ኮሶ?» አለችኝ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ ግን አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ይህ ሻይ በደቡብ ምሥራቅ ቻይና የምትገኘው የፉጆ ከተማ የታወቀችበት ነው። አበባው የኛው የጠንበለል ዘመድ ነው፤ ግን ዓይነቱ ሌላ ስለሆነ ከአጥር ቀጥፋችሁ ሻይ ውስጥ እንዳትጨምሩ አደራ! እምቡጡ በሞቃቱ ወራት ቀን ይለቀማል፤ ሲመሽ ይፈካና መዓዛውን ይለቃል። ያኔ ከደረቀ አረንጓዴ ሻይ ጋር ተደባልቆ ያድራል። ቅጠሉ መዓዛውን ይስባል። ከዚያ አበባው ተለይቶ ይወጣል፤ ቅጠሉም እንደገና ይደርቃል። ጥሩ ለሚባለው ሻይ ይኸው ሥራ በትኩስ እምቡጥ ደጋግሞ ይሠራል። ስለዚህ ቆርቆሮው ውስጥ አበባ ስለበዛ ሻይው ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የአበባ መዓዛ የሚስብ ቅጠል የበርበሬንም ሽታ ይስባል። ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ፣ ከቅመም አርቃችሁ አኑሩት።

አፈላሉ እንዲህ ነው። ቅጠሉ እሳት ላይ አይወጣም። የሚፈላው ውኃው ብቻ ነው። አዲስ አበባችን 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ሻይ ግን 80 ዲግሪ ይበቃዋል። ማንቆርቆሪያውን አውርዳችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ታገሡ። ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል አድርጉ፤ ውኃውን አፍስሱበት፤ ከድናችሁ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ቆይታችሁ አጥልሉት። ከዚያ በላይ ከቆየ ይመራል። ቅጠሉንም አትድፉት፤ አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ ውኃ ይቀበላል። ስኳር ባይገባበት መዓዛው ይበልጥ ይሰማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ምራቴ ነፍሰ ጡር ሳለች ደም አንሷት የብረት ክኒን ታዞላት ነበር። እኔ ደግሞ በፍቅር፣ ምሳዋን እንደበላች ሻይ እሰጣታለሁ፤ ክኒኑንም በሻዩ ታወራርደዋለች። ኋላ የጤና ባለሙያዋ ስትነግረን ደነገጥኩ። ሻይ፣ ጥቁሩም አረንጓዴውም፣ ከምስርና ከሽሮ፣ ከእንጀራውም የምናገኘው ብረት በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል። የክኒኑንም እንዲሁ። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮችና ደም ያነሳቸው ሁሉ ክኒኑን በውኃ ይዋጡ፤ ሻዩን ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርቁት። ለሕፃናትም ከምግብ ጋር ሻይ አንስጥ።

ሻይ አትጠጡ አላልኩም! ሰዓቱን እንወቅለት ነው የምለው። የኔን ስሕተት ሌላዋ እናት እንዳትደግመው ብዬ ነው የተነሣሁት።